ሳል ቆጣሪው ጥሩምባ ነፊ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ነበር፤ እኔም የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ስልሳ ስምንቱን የሰጠኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው። እናቴ የነገረችኝ «አንበጣው በመጣ በማግስቱ ተወለድህ» ብላ ብቻ ነበር። ጸሐፊው ግን መታወቂያ ላይ አንበጣ አይጻፍም አለና እንደ በቅሎ ጥርሴን አይቶ ስልሳ ስምንት አደረገኝ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ዕድሜና ግብር የሚቆርጡልህ ሌሎች ናቸው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በኩራዝ ነው፤ ግማሹን ፊደል ጭሱ ወሰደብኝ። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ በጭሱ አሳብቡ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። የመንደራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ያረፈ እንደሆን ገና ጎሕ ሲቀድ ከመንደሩ በላይ ካለችው ጉብታ ወጥቼ እነፋለሁ። መንደራችን ከጉና ጥግ የተለጠፈች ናት። የጉና ነፋስ ደግሞ የድምፅ ሌባ ነው፤ ለእኛ የተነፋውን ጥሩምባ ወስዶ ለማያገባው አገር ያድለዋል። ስለዚህ ከነፋሁ በኋላ ቤት ለቤት እየዞርኩ «እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ማለት አለብኝ። ከዚህ የተነሣ በመንደሩ የማላውቀው በር፣ የማያውቀኝም ውሻ የለም። ሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጠዋት እኔን ከደጁ ማየት አይወድም። እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ ስለው እንኳ «ማን ሞተ?» ብሎ ነው የሚመልስልኝ።

በዚያ ዓመት ያስጨነቀኝ ግን ሞት ሳይሆን ሰርግ ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ ማስተዋል ለይፋግ ከተማው የሽንብራ ነጋዴ ለአቶ ፈንታ ልጅ ታጭታ፣ ሰርጉ ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ተቆርጦ ነበር። ባለቤቴ የሺ ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አብቅላ ጨርሳለች። ብቅል ደግሞ እንደ ሽማግሌ አይደለም፤ ቆይ ቢሉት አይቆይም። አቶ ፈንታ ደህና ሰው ነው፤ ብቻ ነጋዴ ነውና ነገር ሲያይ መጀመሪያ ነቀዙን ነው የሚፈልገው። ልጂቱም ብትሆን ስለ ሰርጉ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትሠራለች። ማታ ማታ ግን «እንጨት ልልቀም» እያለች ወደዚያች ጉብታ ትወጣ ነበር። በጉብታዋ ላይ አንድ ዛፍ የለም። እኔ ይህን ያሰብኩት ኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቀበሌ ስብሰባ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ገነት ተነሣች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጭቃ የማትፈራ። እንዲህ አለች፦

«ጉንፋን በየዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን መቼ እንደሚመጣ፣ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ዓመት እንደሚከፋ ካልታወቀ መዘጋጀት አይቻልም። በያገሩ የሚያስለውን የሚቆጥር ሰው ይመረጣል። የሁሉም ቁጥር አዲስ አበባ ይሰበሰብና የአገሩ ሁሉ ሳል በአንድ ላይ ይታያል። የእኛ ቀበሌ ብርዳም ስለሆነ ተመርጧል።»

ጎረቤቴ ታከለ እጁን ሳያወጣ ተናገረ። ታከለ እጁን አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም። «ገነት፣ እንግዲህ በሳል ቁጥር ግብር ሊጣልብን ነው በይኛ! እኔ ከዛሬ ጀምሮ አላስልም፤ ጻፉልኝ።»

«ግብር የለውም፣ አያ ታከለ።»

«በሬም መጀመሪያ ሲቆጠር ግብር የለውም ነበር።»

ሰው ሳቀ። ገነት ግን ሳትበገር «ሁሉንም በር የሚያውቅ ማነው?» ብላ ጠየቀች። የሰዉ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሹመት እንደ ቁንጫ ነው፤ ከየት ዘልሎ እንደሚመጣብህ አታውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከሞት ሌላ የምናገረው ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩምባ ነፊ መሆኔን ገነት አላሰበችም፤ እኔም አላሰብኩም። መከራው ሁሉ ከዚያች ካላሰብናት ነገር ተፈለፈለ።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነበር። እኔ ከምጽፍ ባርስ ይፈጥንልኛል። ስለዚህ የሚያስለው ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንድ ባቄላ ከቅል ውስጥ እጥላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ባቄላዬን ቆጥሬ፣ የልጄን ስልክ ይዤ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥቼ ለገነት እደውላለሁ። ኔትወርክ ያለው ደግሞ የት ይመስላችኋል? ከዚያችው ጥሩምባ ከምነፋባት ጉብታ ላይ!

በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነሥቼ ወደ ታከለ ቤት ሄድኩ፤ ሌሊቱን ሲስል ከቤቴ ድረስ ሰምቼዋለሁ። ሚስቱ በካቡ ላይ ብቅ ስል አየችኝና የያዘችውን እንስራ ጣለች።

«ወይኔ! ማነው? ወንድሜ ነው?» ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ።

«አትደብቀኝ!»

«ማንም አልሞተም እያልኩሽ! የመጣሁት ስለ ታከለ ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሴትዮዋ ዘላ ወደ ውስጥ ገባችና ባሏ ላይ ተጠመጠመች። ከውስጥ የታከለ ድምፅ በሳል ተቆራርጦ መጣ፦

«አለሁ! ገና... አለሁ በይው! ምን አስቸኮለው? ጥሩምባውን... ይመልስ!»

«አንተ ታከለ፣ ያስልሃል ወይ ብዬ ነው!»

«ለምን ትጠይቀኛለህ? የመቃብር ልክ ልትወስድልኝ ነው?»

አንድ ባቄላ ጣልኩና ወጣሁ። እኔ ሥራዬ የተሳካ መስሎኝ ነበር። መንደሩ ግን አይቶኛል። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ታከለ ቤት ገብቶ፣ ሚስቱ ጮኻ፣ እሱም ዝም ብሎ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ? ለቅሶ ካልሆነ ጣር ነው። በእኛ አገር ደግሞ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አያድርም፤ ሳይጠየቅ የተነሣ በሽተኛ ቂሙ ከሳሉ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ድንች ድንቹን እየያዘ ታከለ ቤት ገባ። ጾመ ነቢያት ነውና ዕንቁላል የለም፤ ድንች ብቻ። ብርድ እንዳይገባ በሩ ተዘጋ። በእሳቱ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። አንዱ ዳማከሴ ያሸትለታል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይልጥለታል። ታከለ ያስነጥሳል፤ ቤቱ ሁሉ «ይማርህ!» ይላል፤ እሱም «ያኑራችሁ!» ብሎ ሌላውን ያስነጥስባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን የጠየቁት ሁሉ ያስሉ ጀመር። እኔም ሥራዬ ነውና ወደየቤታቸው ሄድኩ። በሄድኩበት ሁሉ ጩኸት ይቀበለኛል፤ ከኋላዬ ድንች የያዘ ሕዝብ ይከተለኛል። የታመመውን ለመጠየቅ የመጣው ተጠያቂ ይሆናል፤ ተጠያቂውን ለመጠየቅ ደግሞ ሌላው ይነሣል። ድንቹ ራሱ ሰለቸ፤ አንዱ ድንች ከታከለ ቤት ተነሥቶ መንደሩን ዞሮ ተመልሶ ታከለ ቤት ሲገባ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ጎኑ ላይ የመቆፈሪያ ጠባሳ ስላለው አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ሲመጣ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ ታች ሳይ መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ቆሟል። ጥሩምባው እስኪነፋ እየጠበቁ ነው! «ስልክ ነው! ስልክ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ሁለት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ወርጄ አንድ በአንድ አስተዛዝኜ ነጠላቸውን አስመለስኩ። እንዲህ ያለ ሐሙስ ስንት እንዳሳለፍኩ እኔና ጉልበቴ እናውቃለን።

የሺ ደግሞ አላረፈችም። «ሰውን ሁሉ ስትቆጥር ራስህን ረሳህ? ሌሊቱን ስትስል ነው ያደርከው።»

«የጥሩምባ ነፊ ጉሮሮ ነው።»

«ጥሩምባ ከነፋህ እኮ ቆየህ። ሰው አልሞተም።»

«ስላልነፋሁ ነው የሚያሳክከኝ።»

«ለራስህም ባቄላ ጣል።»

«የሺ፣ እረኛ ከበጎቹ ጋር አይቆጠርም!» አልኳት። ይህች ቃል ጥሩ ሆና ስላገኘኋት በየቤቱ እናገራት ጀመር። የእኔ ችግር ይህ ነው፤ ጥሩ ቃል ካገኘሁ እውነት ትሁን አትሁን አልመረምርም።

በአንዱ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ቅሌን ባነሣው ባዶ ነው። ወደ ምድጃው ዞር ብል የሺ ንፍሮ እያቀረበች ነው።

«የሺ! ከየት ያመጣሽው ባቄላ ነው?»

«ከቅሉ ነዋ። ጠያቂ መጣ፣ ምን ላቅርብለት?»

ከጉብታው ላይ ደወልኩ። «ገነት፣ የዚህ ሳምንት ሳል ተበልቷል።»

«ምን ሆነ አሉኝ?»

«የሺ ቀቅላዋለች። ታከለን ጭምር በልተነዋል። ራሱ ታከለም ከራሱ ቀምሷል።»

ገነት ብዙ ሳቀች፤ ከዚያ ቤት ለቤት ዞሬ እንደገና እንድቆጥር ነገረችኝ። ዞርኩ። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ድንች። በሚቀጥለው ሐሙስ የቅሉን ባቄላ ሳፈሰው ከሰርግ ንፍሮ በለጠ።

ከዚያ በኋላ ነጭ መኪና መጣች። ከእሷ ውስጥ አንድ ወጣት ዶክተር፣ ሁለት ረዳት ልጆችና አንድ በረዶ የተሞላ ሳጥን ወረዱ። ዶክተሩ ትሑት ልጅ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያይ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። የእኛ መንደር ሳል ከሌላው በጣም በልጦ ስለታየ ምን ዓይነት ጉንፋን እንደሆነ ሊመረምሩ መጥተዋል። ከሚያስለው ሰው አፍንጫ ውስጥ በረጅም የጥጥ እንጨት ትንሽ ነገር ወስደው፣ በበረዶ አድርገው፣ ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አጥር ሥር ተሰለፈ። ችግር የተነሣው ከመጀመሪያው ሰው ነው፤ እሱም ታከለ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አለ ታከለ አፍንጫውን በመዳፉ ይዞ። «ጾም ላይ ነኝ። ቄስ ሞላ፣ ይህ እንጨት ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም?»

ቄስ ሞላ ጢማቸውን እያሻሹ እንጨቱን ተመለከቱ። «ገብቶ ይቀራል?» ብለው ዶክተሩን ጠየቁ።

«አይ አባ፣ ገብቶ ይወጣል።»

«ገብቶ የሚወጣ ከሆነ ምግብ ሳይሆን እንግዳ ነው። ጾም አያስገድፍም። አስገባ፣ ታከለ!»

እንጨቱ ገባ። ታከለ ዐይኑ ፈጥጦ «ኸረ አናቴ ደረሰ! የልጅነቴን ሊያወጣው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ እንጨቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲዘጋበት ጊዜ አፍንጫውን እያሻሸ «ከየት እንደመጣ ጻፉበት፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ሰው የእኔ ነው እንዳይል» አለ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎም ያስልዎታል መሰለኝ። ከእርስዎም ብንወስድ?»

«እኔ ቆጣሪ ነኝ። እረኛ ከበጎቹ ጋር አይቆጠርም።»

ገነት አየችኝ፤ ምንም አላለችም። የሴት ዝምታ ቀጠሮ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል።

ዶክተሩ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። የአገሩ ሳል በመስመር ተስሏል። አንዱ ቦታ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ አለ። «ያ ጉናን የመሰለው ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሱ እናንተ ናችሁ።»

ደረቴ ተነፋ። በዕድሜዬ ሙሉ ጉናን ከሥሩ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ያን ቀን ግን እኔ የሠራሁትን ጉና አየሁ። «ያ ሜዳውስ? በይፋግ በኩል ያለው?»

«ቁጥር ያልመጣበት አገር ነው፣ አባባ።»

«እዚያ ሳል የለም ማለት ነው?»

«ቆጣሪ የለም ማለት ነው። ሳሉ ይኑር አይኑር አናውቅም።»

ይህቺን ቃል በልቤ ያዝኳት። ገነት ግን በዚያ ተራራ አልተደሰተችም። «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ የታመመ ሰው ቤት ሲገቡ፣ ከእርስዎ በኋላ ሌላ ሰው ይገባል?»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ ከገባሁበት ቤት ማን ይቀራል! ጥሩምባ ነፊ እኮ ነኝ።»

ገነት ግንባሯን በእጇ ያዘች። «ወይ አባባ! እርስዎ እኮ ሳሉን እየቆጠሩት አይደለም፤ ለሳሉ ድግስ እየጠሩለት ነው!»

ለትንሽ ጊዜ ተከራከርኳት፤ ስህተት ቢሆንም ቶሎ አልለቅም። ግን ታከለን አሰብኩ፣ የተዘጋውን በር አሰብኩ፣ ያንን ጠባሳም ድንች አሰብኩ። እውነቷን ነበር። በዚያ ቀን ደንብ አወጣን፤ እኔ ቤት አልገባም፣ ከካቡ ውጭ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ ጠያቂ ድንቹን ከበር አስቀምጦ፣ «ይማርህ»ን ከሜዳው ላይ ጮኾ ይመለሳል። ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ቄስ ሞላ ግን «ጸሎት በካብ አይታገድም» ብለው ዘጉት።

መኪናዋ ሄደች፤ ወሬዋ ግን ቀረች። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ «በጉና በኩል ሳል ገብቷል» ተብሎ ተነገረ። መናኸሪያ ሲደርስ «የሐኪም መኪና ገብቷል» ሆነ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ይፋግ ሲወርድ ደግሞ «ጥሩምባ ነፊው ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት ሲዞር ሰነበተ፤ ሴቶች በየደጁ ሲጮኹ ተሰሙ፤ ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል» ሆኖ ወረደ። እዩት እንግዲህ፤ አንድም ውሸት የለበትም!

በታኅሣሥ አጋማሽ አቶ ፈንታ ራሱ ከአንድ ሽማግሌ ዘመዱ ጋር መጣ። ከበቅሎ ወርዶ ከካቡ ውጭ ቆመ። አፍና አፍንጫውን በነጠላ ጠምጥሞ ዐይኑ ብቻ ይታያል።

«ይግቡ እንጂ አቶ ፈንታ!»

«እዚሁ ይሻለኛል። ስንት ሰው ቀበራችሁ?»

«አንድም።»

«ጥሩምባ ነፊ ያለ ሞት ይዞራል?»

«ሳል ስቆጥር ነበር።»

«ሳል ይቆጠራል?»

«ለአገር ሲሆን ይቆጠራል።»

አቶ ፈንታ ራሱን ነቀነቀ። «ስሙኝ። በእናንተ ላይ ክፉ የለኝም። ግን ቤቴ ሕፃን አለ፣ አሮጊት እናት አለችኝ። እኛ አገር ጤና ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

ከቤት ውስጥ የዕቃ ድምፅ ቆመ። የሺ በር ላይ ብቅ አለች፤ ስለ ብቅሉ እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አውቄያለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሲሉ እኛ አገር ምን ማለታቸው እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ፋሲካ፣ ከዚያ እርሻ፣ ከዚያ ክረምት፤ ከክረምት በኋላ የሽንብራ ነጋዴ ልጅ ሌላ ልጅ ያያል። የማስተዋል ጥላ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ብዙ ሰው አርድቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን መርዶው ወደ እኔው ደጅ መጣ።

«ገነት ትናንት በዚህ ስታልፍ ነግራኛለች» አልኩ። «የአፍንጫው ውጤት መጥቷል። በየዓመቱ የሚመጣው ጉንፋን ነው፤ ሰዉም እየተነሣ ነው።»

«ይሁና። እኛ ግን ጤና...» ብሎ ጀመረና አቶ ፈንታ ቆመ። ዐይኑ ጠበበ። ነጠላው ወደ ውስጥ ተሳበ። ከዚያም ያ ሁሉ ጥምጥም እስኪፈታ ድረስ አስነጠሰ። በቅሎዋ ደነገጠች።

«ይማርዎ» አልኩ፤ እጄም፣ ሳላዘው፣ ከካፖርቴ ኪስ አንድ ባቄላ አውጥቶ ካቡ ላይ አስቀመጠ።

«ያኑርዎ። ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

መልስ ሳልሰጠው አብሮት የመጣው ሽማግሌ ከሆዱ ሥር የመጣ ረጅም ሳል ሳለ። ሁለተኛውን ባቄላ አስቀመጥኩ።

«እየቆጠርኩ ነው» አልኩ።

«እኛን?»

«ይፋግ ቆጣሪ የላትም። እኔ ልቁጠርላት። እናንተ ጋ ጤና ያለው ቆጣሪ ስለሌለ ነው፣ አቶ ፈንታ። በኮምፒውተር አይቼዋለሁ፤ ሜዳ ነው። እስቲ እናትዎ ደህና ናቸው?»

«እሷማ... ትንሽ ያስላታል። እርጅና ነው።»

ባቄላ።

«ሕፃኑ?»

«አፍንጫው ይፈስሳል። ልጅ አይደል?»

ባቄላ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም የለም» አለ አቶ ፈንታ ነጠላውን እንደገና እየጠመጠመ።

ያኔ ነው ከበሩ ኋላ ድምፅ የመጣው። «አባዬ፣ ሙሽራውን አልቆጠሩትም!»

ሁላችንም ዞር አልን። ማስተዋል ከጨለማው ወጣች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ግን አልተመለሰችም። «ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ ነበር። ድምፁ እንደ በሬ ጎርንኗል። ትናንት ነው የተነሣው።»

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

የሺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች፤ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። እኔም ዛፍ የሌለባት ጉብታ፣ የማታው የእንጨት ለቀማ፣ ከእጇ የማይጠፋው የልጄ ስልክ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። እኔ በዚያች ጉብታ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የጉናን ሳል ሳስተላልፍ፣ ልጄ ማታ ማታ የይፋግን ሳል ስትሰማ ነበር። ከሁለታችን የተሻለ ቆጣሪ እሷ ነበረች።

አምስተኛውን ባቄላ ከኪሴ አውጥቼ ካቡ ላይ ከነዚያ ጋር አሰለፍኩት። «እንግዲህ አቶ ፈንታ፣ ይመልከቱ፤ እኔ ልጄን ለሳላም አገር ልስጥ? ሰርጉን ማራዘም የሚገባኝ እኔ ነኝ!»

አቶ ፈንታ ባቄላዎቹን አየ። ነጋዴ ነውና ሒሳብ ሲበላሽበት ያውቃል። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ ነጠላውን አልፎ ወጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ማስነጠስ ሆነ። እኔም «ይማርዎ! ይህኛው ተቆጥሯል» አልኩት።

ሰርጉ በጥር እንዲሆን ካቡ ላይ ተስማማን። የሚያስለው ሰው እስኪሻለው ከሩቅ ይመርቅ ተባለ። ከዚያ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ተራርቀን ተቀመጥን፤ ዘጠኝ ሰዓትም አልፎ ነበርና የሺ ጠላ አወጣች። አቶ ፈንታ ሲሄድ ባቄላዎቹን ከካቡ አንሥቶ ሊቆረጥማቸው ነበር፤ «ይተዉ፣ እናትዎ ናቸው!» ብዬ አስጣልኩት።

በዚያ ሌሊት ጉሮሮዬ አላስተኛኝም። ሳልኩ፣ ሳልኩ፤ ውሻው ሰለቸውና ወጣ። የሺ ነቅታለች፤ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ተናግራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተከራከርኳት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐሙስ ነበርና፣ አንድ ባቄላ ከጆንያው አንሥቼ ቅሉ ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ ጉብታው ላይ ወጥቼ በመጀመሪያ ወደ መንደሩ «ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ፤ ቀጥሎ ደወልኩ።

«ገነት፣ ከይፋግ አምስት አሉ።»

«ይፋግ የእኛ አይደለም እኮ አባባ።»

«አጥራችን ላይ መጥተው ነው ያስነጠሱት። ከእኛ መንደር ደግሞ አንድ ጨምሪ።»

«ማን ነው?»

ነፋሱ ቆሞ ጠበቀኝ። ይህንን አልሰረቀውም።

«እረኛው ነው» አልኩ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌም ወረድኩ።